አንባቢ የሚዘላቸው ገጾች

የ«ያ ትውልድ» ማስታወሻዎች ብዙ ጊዜ የሚነበቡት እንደ ክስ መዝገብ ነው። የኢሕአፓ ደጋፊ የደርግን ግፍ፣ የመኢሶን ደጋፊ የኢሕአፓን ጥይት ፈልጎ ያሰምርበታል፤ የራሱን ወገን ጥፋት ግን ዘሎ ያልፋል።

የሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» ለእንዲህ ዓይነት አንባቢ አይመችም። ሕይወት የኢሕአፓ አባል ነበረች፤ በደርግ እስር ቤት ስምንት ዓመት ያህል ማቅቃለች። የምትወደውን ጌታቸው ማሩን የገደለው ግን ደርግ አይደለም። የከተማውን የትጥቅ ትግል ስለተቃወመ «አንጃ» ብሎ ያሰረውም የገደለውም የገዛ ድርጅቱ ነው።

ዛሬም በየጎራው የተሰለፈ ሁሉ ከዚህ መጽሐፍ አንድ ነገር ቢይዝ ይበቃዋል፦ «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ጓድ ከሃዲ ሲባል ዝም ያለ ሰው፣ ነገ ለሚፈሰው ደም ዛሬ ፈቃዱን ሰጥቷል።