ልብን ስለ መሰብሰብ

አንዳንድ ሰዎች፤ «ወንድ ልጅ በትምህርት ጊዜ ልቡ ይባክናል፤ ሴት ልጅም የተማረችውን ቶሎ ትረሳለች» ይላሉ። ይህ አነጋገር ግን በሚዛን የተመዘነ አይደለም።

ሊቃውንት መርምረው እንዳገኙት፥ የሰሙትን ቃል በማስታወስ ሴቶች በአማካይ ጥቂት ይበልጣሉ እንጂ አያንሱም። ነገር ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በአንዱና በሌላው ወንድ ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ይሰፋል።

በጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ሥውር ሳሉ ቅኔን ከአባታቸው በቃል ተማሩ፤ ኋላም ለወንዶች ደቀ መዛሙርት መምህርት ሆኑ።

ጀርመናዊው ሊቅ ኤቢንግሃውስ በ1885 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር እንዳስረዳው፥ ትምህርት ፈጥኖ የሚጠፋው በተማሩት ሰሞን ነው፤ በየጊዜው የደገመው ሰው ግን ያጸናዋል። የዜማ ቤት ተማሪም ቀን የተማረውን ሌሊት የሚቀጽለው እንዳይጠፋበት ነው።

እንግዲህ 13 ዓመት የሞላት ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ውሃ ስትቀዳና ስትፈጭ ብታመሽ፥ ወንድሟም በዚያው ሰዓት ቢያጠና፥ በማግሥቱ እርስዋ ዘንግታ ብትገኝ ጥፋቱ የአእምሮዋ አይደለም፤ ጊዜ የነፈጓት የወላጆቿ ነው። ወንድ ልጅም «ልቤ ይባክናል» ብሎ ማመካኘት አይገባውም፤ ልብ በልማድ ይሰበሰባልና። ስለዚህ ወንድምና እኅት አስቀድመው የቤቱን ሥራ ይካፈሉ፤ ከዚያም ሁለቱ በአንድነት ይቀጽሉ።