የፊት እግር ኩሽኔታን ከነመቆለፊያው ስለ መሸጥ



በደምቢያ ወረዳ በቆላ ድባ ከተማ የሚነግድ ሰው ሀብቱ በመደብሩ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ከፊሉ ምንጊዜም በመንገድ ላይ ነው። ጤፉም ሽምብራውም ከገጠር ገበያ ወደ ከተማ፤ ከከተማም በአዘዞ በኩል ወደ ጎንደር እስኪደርስ ድረስ ለመኪና የታመነ ነው። ከዋናው መንገድ ወጣ ወዳሉት ቀበሌዎች የሚዘልቀው ደግሞ በአብዛኛው አራቱም ጎማዎቹ የሚጎትቱ፤ ዕድሜ የጠገበ ላንድ ክሩዘር ወይም ላንድ ሮቨር ነው። ስለዚህ የዚህ አሮጌ መኪና ጤንነት የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የንግድ ጉዳይም መሆኑን ለማሳሰብ ይህን ጽሑፍ አቀርባለሁ።

አሮጌውን ጥሎ አዲስ መግዛት ዛሬ ለብዙዎቻችን የማይቻል ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች እንደ ዕድሜያቸው ከፍ ያለ ታክስ እንዲከፈልባቸው አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገለጠ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ በብር ሲታሰብ እጅግ ተወደደ። እንግዲህ ያለንን መኪና አሳምሮ መያዝ ግዴታ ነው፤ ይህም መለዋወጫ በሚያስመጣውና በሚሸጠው ነጋዴ ላይ አዲስ ኃላፊነት ይጥላል።

ስለዚህ ኃላፊነት ለመናገር አንድ ትንሽ ዕቃ እመርጣለሁ፤ ይኸውም የፊት ጎማ ኩሽኔታ ነው። በእነዚህ መኪኖች የፊት ጎማ እምብርት ውስጥ ሁለት ኩሽኔታዎች፤ አንዱ በውስጥ አንዱ በውጭ በኩል፤ ፊት ለፊት ተያይተው ይቀመጣሉ። ተንከባላይ ብረቶቻቸው ወደ አንድ ጫፍ ቀጠን ብለው የተሠሩ ስለሆኑ ከላይ የሚጫነውንም ክብደት፤ መኪናው ሲታጠፍ ከጎን የሚመጣውንም ግፊት ይችላሉ። ይህን ዓይነት ኩሽኔታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 በአሜሪካ በስሙ ያስመዘገበው ሄንሪ ቲምከን የሠረገላ ሠሪ ነበረ፤ ሠረገላ ሲታጠፍ ጎማው የሚደርስበትን ጭንቅ ዐውቆ ነው የሠራው።

ነገር ግን ይህ ኩሽኔታ ብቻውን ምንም አይደለም። በልኩ ጠብቆ የሚኖረው በሁለት ዳዶዎችና በመካከላቸው በሚገባ አንድ ሮንዴላ ነው። የውስጠኛው ዳዶ ልኩን ይሰጣል፤ ሮንዴላው በምላሱ የዘንጉን ቦይ ይዞ እንዳይዞር ይከለክላል፤ የውጭኛው ዳዶ ይቆልፋል፤ በመጨረሻም የሮንዴላው ጠርዝ በዳዶው ገጽ ላይ ይታጠፋል። ሮንዴላው በተደጋጋሚ ታጥፎ ሲቃና ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ዳዶው ከላላ ጎማው ይወዛወዛል፤ ኩሽኔታውም ዘንጉንና እምብርቱን እየበላ ይሄዳል። ዳዶው ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ ኩሽኔታው ይግላል፤ ግራሶው ይቀልጣል፤ ብረቱም ይቃጠላል።

እንግዲህ በየገበያችን የሚደረገው ምንድን ነው? ደንበኛው ወደ ሱቅ መጥቶ ኩሽኔታ ብቻ ይጠይቃል፤ ባለሱቁም ኩሽኔታ ብቻ ይሸጣል። መካኒኩ አዲሱን ኩሽኔታ በአሮጌው ሮንዴላ ይቆልፋል። ለላንድ ክሩዘሩ ዳዶ የተሠራው ባለ 54 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ስለማይገኝም ዳዶው በመሮና በመዶሻ እየተመታ ይፈታል፤ ይታሰራል። በዚህ ዓይነት የዳዶው ማዕዘን ይደቆሳል፤ የሚረግፈውም የብረት ብናኝ ከግራሶው ጋር ተደባልቆ አዲሱን ኩሽኔታ ገና ከጅምሩ ይፍቀዋል።

ለእኛ ለደምቢያ ሰዎች ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለን። በክረምት ዋልካው ጎማ ላይ ተጣብቆ የግራሶ ማገጃውን ላስቲክ ይፍቃል፤ በበጋ ደቃቁ አቧራ በዚያው ቀዳዳ ይገባል። በመንገድ የጋለ እምብርት እንደ ድርማ ባለ ወንዝ ውስጥ ሲነከር በውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ስለሚሰበሰብ በአረጀው ላስቲክ በኩል ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃ የገባበት ግራሶ ኩሽኔታን ከዝገት አያድንም። ስለሆነም በዚህ አገር ላስቲኩን ሳይለውጡ ኩሽኔታ መለወጥ ገንዘብን ጭቃ ውስጥ እንደ መጣል ነው።

እኔ በሥራዬ የነጋዴ ጸሐፊ ስለሆንሁ የመካኒክን እጅ ባላውቅም የሒሳብ መዝገብን አነባለሁ። በመዝገብ ላይ ለአንዲት መኪና በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ኩሽኔታ ተገዝቶ፤ አንድ ጊዜም እንኳ ሮንዴላ ወይም ላስቲክ ሳይገዛ ተመልክቻለሁ። ከኩሽኔታው ዋጋ ይልቅ ያስደነገጠኝ ከጎኑ የተጻፈው ነው፤ የጉተታ ኪራይ፤ የሌላ መኪና ኪራይ፤ ሳይደርስ የቀረ ጭነት። ጎማው ከነእምብርቱ ቢወልቅ ደግሞ የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው፤ እርሱም በምንም መዝገብ አይተመንም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ለዚህ ጉዳይም የተናገሩት ይመስላል።

አንዳንድ ባለሱቆች «ደንበኛው ገንዘብ የለውም፤ ሙሉውን ዕቃ ብናቀርብ ወደ ጎረቤት ይሄዳል» ይላሉ። ክርክሩ እውነት አለበት፤ በዚህ ኑሮ ደንበኛ እያንዳንዱን ብር ይቆጥራል። ነገር ግን ሮንዴላውና ላስቲኩ ከኩሽኔታው ጋር ሲነጻጸሩ ዋጋቸው ዝቅተኛ ነው፤ ምክንያቱ ከተነገረው ደንበኛው ያስተውላል። በሁለት ወር ተመልሶ የሚመጣ ደንበኛም ለመግዛት ሳይሆን ለመጣላት ነው የሚመጣው።

ማሻሻል ማለትም ሁልጊዜ አዲስ የወጣውን መከተል ማለት አይደለም። የላንድ ሮቨር ፋብሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት በዲፌንደር መኪና ላይ ሁለቱን ዳዶዎች ትቶ አንድ ዳዶና ውፍረቱ የተወሰነ ማራራቂያ ቀለበት አደረገ። በፋብሪካ ውስጥ ሥራውን ያቀላጥፋል፤ በገጠር ግን ልክ የሚሆነውን ቀለበት መርጦ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በብዙ አገር ያሉ ባለንብረቶች ወደ ቀድሞው ባለሁለት ዳዶ ተመልሰዋል። አስመጪዎቻችን ከዚህ ሊማሩ የሚገባው ለአገራችን የሚሻለው የአካባቢው መካኒክ በእጁ ሊያስተካክለው የሚችለው ዕቃ መሆኑን ነው። የላንድ ክሩዘሩን ኩሽኔታ ልክ ለመለካት እንኳ የሚያስፈልገው የእምብርቱን ቡሎን የሚስብ ባለሞላ የእጅ ሚዛን ነው፤ ሚዛን ደግሞ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም።

አስመሳይ ዕቃም ሊታሰብበት ይገባል። የታወቁ ፋብሪካዎችን ስም ይዞ በሐሰት የሚሠራ ኩሽኔታ በዓለም ገበያ ሁሉ ያስቸገረ ነው። ካርቶኑን ማሳመር ቀላል ስለሆነ በካርቶን መታመን አይገባም። በኩሽኔታው ፊት ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከአሮጌው ጋር ይመሳከር፤ ያው ቁጥር በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ ገዢውንም፤ በቅንነት የሸጠውን ባለሱቅም ይጠብቃል።

በዚህ መሠረት ሦስት ነገሮችን በትሕትና አቀርባለሁ። አንደኛ፤ አስመጪዎች ሁለቱን ኩሽኔታዎች ከነቀለበቶቻቸው፤ ከላስቲኩ፤ ከሮንዴላውና ከሁለቱ ዳዶዎች ጋር በአንድ ጥቅል እንዲያዝዙ። ሁለተኛ፤ በየወረዳው ከተማ ያሉ ባለሱቆች ባለ 54ቱን ቁልፍ ቢያንስ አንድ ገዝተው ለጋራዦች በኪራይም ቢሆን እንዲያቀርቡ። ሦስተኛ፤ ምክር ቤታችን አስመጪዎችንና መካኒኮችን በአንድነት ሰብስቦ በአካባቢያችን ለሚሠሩ የመኪና ዓይነቶች የሚስማሙትን የኩሽኔታ ቁጥሮች በአንድ ሠንጠረዥ አሳትሞ እንዲያድል። የመጪው ክረምት ዝናብ መንገዱን ሳይዘጋ ይህ ቢጀመር ለሁላችንም ይጠቅማል እላለሁ።