በሩ ተዘጋ፣ ኦርካዎቹ ግን አሁንም ውስጥ ናቸው

በማርች 2023 ከማያሚ አንድ የምሥራች ተሰማ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመድረክ ስሟ ሎሊታ የምትባለው ኦርካ ወደ ተወለደችበት ባሕር ልትመለስ ነው ተባለ። ብዙ ሰው ደስ አለው። ኦገስት 18 ቀን እዚያው ገንዳዋ ውስጥ ሞተች።

ኦርካን ብዙዎች «ገዳይ ዓሣ ነባሪ» ይሏታል እንጂ ወገኗ ከዶልፊን ነው። ሎሊታ በመጣችበት የሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ባሕር የሚኖሩት ኦርካዎች ወንዱም ሴቷም ዕድሜ ልካቸውን ከእናታቸው አይለዩም። የራሳቸው የሆነ የጥሪ ድምፅ አላቸው፤ ልጅ ከእናቱ ይማረዋል።

በ1970 አዳኞች ዋሽንግተን ግዛት ፔን ኮቭ ላይ በመረብ ከበቧቸው። ግልገሎቹን ከእናቶቻቸው ነጥለው ሸጡ። ሎሊታ ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ የኖረችበት ገንዳ ርዝመቱ 24 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 6 ሜትር ነበር። እሷ ራሷ 6 ሜትር ያህል ትረዝማለች! አብሯት የነበረው ሁጎ በ1980 ሞተ። ጭንቅላቱን ከግድግዳው ጋር ደጋግሞ ያጋጭ ነበር። ከእሱ በኋላ ሎሊታ ሌላ ኦርካ ሳታይ ከ40 ዓመት በላይ ኖረች። የመመለሷ ቃል የመጣው ከ52 ዓመት በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

የፓርክ ባለቤቶች የሚያነሱት መከራከሪያ አለ። «ሰው ኦርካን እንደ አውሬ ይፈራና ይተኩስባት ነበር። እንዲወዳት ያደረግነው እኛ ነን» ይላሉ። እውነትነት አለው፤ አልክድም። ነገር ግን ቀርበን ስናያት ምን ተማርን? ቤተሰብ ያላት፣ የምታስብ፣ የምታዝን ፍጡር መሆኗን። ይህን ካወቅን በኋላ እዚያው ገንዳ ውስጥ ማቆየታችን ትምህርቱ እንዳልገባን ያሳያል።

«ታዲያ ለምን አይለቋቸውም?» የሚል ይኖራል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በ1993ቱ «ፍሪ ዊሊ» ፊልም የታወቀው ኬይኮ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ወደ አይስላንድ ባሕር ተመለሰ። በ2002 ራሱ ዋኝቶ ኖርዌይ ደረሰ፤ ግን ከዱር ኦርካዎች ጋር መዋሃድ አልቻለም፣ ሰው ፍለጋ ወደ ዳርቻ ይመጣ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሞተ። በሰው እጅ የኖረ እንስሳ በሩን ስለከፈትክለት ብቻ ነጻ አይወጣም።

የእኔም ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ፈረንሳይ በ2021 የኦርካና የዶልፊን ትርኢትን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ጥሩ ሕግ ነው። አንቲብ ከተማ ያለው ማሪንላንድ ፓርክም በጃንዋሪ 2025 ለጎብኚ በሩን ዘጋ። ዊኪና ልጇ ኬይጆ ግን ውስጥ ቀሩ። ሁለቱም የተወለዱት እዚያው ነው፤ ክፍት ባሕር ውስጥ ዋኝተው አያውቁም። ወደ ጃፓን ፓርክ እንዳይላኩ መንግሥት ከለከለ። ደግ አደረገ፤ ግን የሚሄዱበት ቦታ አስቀድሞ አልተዘጋጀም ነበር።

መከልከል ግማሽ ሥራ ነው። ሕግ አውጪ «ትርኢት ቁም» ሲል በዚያው ቀን «እነዚህስ የት ይኖራሉ? ማን ይቀልባቸዋል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱ አለ፦ በመረብ የታጠረ የባሕር ወሽመጥ፣ ሐኪምና ቀለብ ያለው መጠለያ። ወጪው ከባድ ነው። መክፈል ያለበት ግን ለዓመታት ትኬት ሲሸጥ የኖረው ነው። ትርፉን ለብቻ በልቶ ዕዳውን ለሕዝብና ለበጎ አድራጊ መተው ፍትሕ አይደለም።

«ሰው በተቸገረበት ዘመን ስለ እንስሳ ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ወዳጄ፣ እኔ የማወራው ስለ ዕዳ ነው። ያለ ፈቃዱ አምጥተህ የተጠቀምክበትን፣ ጥቅሙ ሲያልቅ ሜዳ ላይ መተው ለሰውም ለእንስሳም ያው ነውር ነው።

የሎሊታ አመድ በ2023 ወደ ባሕሯ ተመለሰ። እንደ ዘመዳቸው የሚቆጥሯትና እንድትመለስ ለዓመታት የታገሉላት የሉሚ ሕዝቦች ሸኟት። የሚቀጥሉት በሕይወት እያሉ ይመለሱ።