ከሰደድ እሳት በኋላ የሚመጣው ደለል

የሰደድ እሳት ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚለካው በተቃጠለው መሬት ስፋት ነው። በወንዞች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ጎልቶ የሚታየው እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ ከመጀመሪያዎቹ ከባድ ዝናቦች ጋር ነው። በመሆኑም በእሳቱ መጥፋትና በክረምቱ መግባት መካከል ያለው ጊዜ ለተፋሰስ ጥበቃ ወሳኝ ነው።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የደረሰው ቃጠሎ ለዚህ ማሳያ ይሆናል። እሳቱን ለመቆጣጠር ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ከእስራኤል የመጡ ባለሙያዎች ጭምር ተሰማርተዋል። የጓሳ ሣርና የአስታ ዛፍ በተቃጠለበት በዚያ ወቅት፣ ዋናው የክረምት ዝናብ ሊገባ የቀረው ሁለት ወር ያህል ብቻ ነበር። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሡ ጅረቶች ደግሞ የተከዜ ገባሮች ናቸው።

ሣርና የረገፈ ቅጠል የዝናብ ጠብታን ኃይል ያበርዳሉ፤ ውሃውም ወደ አፈር ይሰርጋል። እሳት ይህን ልባስ ሲያጠፋ ጠብታው አፈሩን በቀጥታ ይመታል፤ አመድና ደቃቅ አፈር የአፈሩን ቀዳዳዎች ይደፍናሉ። ስለዚህ ይሰርግ የነበረው ውሃ ጎርፍ ሆኖ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል።

ደለሉ ግን በአንድ ጊዜ ተጉዞ አያልቅም። አመድና ደቃቅ ጭቃ በአንድ ሙላት ሩቅ ይደርሳሉ፤ አሸዋና ጠጠር በቁልቁለት ግርጌና ጅረቶች በሚገናኙበት ሥፍራ ተከማችተው በየክረምቱ ወደ ታች ይገፋሉ። በዚህም ምክንያት ተራራው ዳግም ከለመለመ በኋላ እንኳ በታችኛው አካባቢ የሚገኙ የመስኖ ጠለፋዎች በደለል ሊሞሉ ይችላሉ።

መከላከሉ ከላይ ይጀምራል። ክረምት ሳይገባ በቦረቦሮች ላይ የድንጋይ ክትር መሥራት ደለሉን በምንጩ ያስቀራል። በደለል የሞላ ክትር ተግባሩን ፈጽሟል፤ ሆኖም ከፍ ካልተደረገ ተጨማሪ አይዝም። ከቃጠሎ በኋላ የሚያቆጠቁጠው ለጋ ሣር ከብትን ይስባል፤ ግጦሹ ግን አፈሩን የሚይዘውን አዲስ ሥር ያጠፋል። መሬቱን መከለል ለአርብቶና ለአርሶ አደሩ የመኖ እጥረት ስለሚያስከትል፣ ከሌላ ሥፍራ ሣር አጭዶ መመገብ ከክልከላው ጋር አብሮ መታቀድ ይኖርበታል።

ከተቃጠለ ተፋሰስ በታች የሚኖሩ ዜጎች ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት የምንጭ መያዣዎችንና የመስኖ ቦዮችን ቢጠርጉ ይመከራል። የደፈረሰ ውሃ የማከሚያ ኬሚካልን ኃይል ስለሚቀንስ፣ ኬሚካሉ ከመጨመሩ በፊት ውሃው መጥለልና መጣራት አለበት። የመጠጥ ውሃ ባልተለመደ ሁኔታ ሲደፈርስ ወይም አመድ ሲታይበት ለቀበሌ አስተዳደር ወይም ለወረዳ የውሃ ጽሕፈት ቤት ወዲያውኑ ማሳወቅ ይገባል።