ማኅደር ሰፊዎች

መጽሐፍ ሲነሣ ሁለት ሰዎች ይታሰቡናል፤ የጻፈውና የሚያነበው። በመካከላቸው የቆመውን ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን። ብራናውን የፋቀው፣ ቀለሙን የበጠበጠው፣ ጥራዙን የደጎሰው፣ መጽሐፉም ከደብር ወደ ደብር ሲጓዝ ዝናምና አቧራ እንዳያገኘው የቆዳ ማኅደር የሰፋለት ሰው፣ ስሙ እምብዛም አይነገርም። ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት በዘመናችን ስላሉ ማኅደር ሰፊዎች ነው። የሚሰፉት ቆዳ አይደለም፤ የሚያኖሩትም ብራና አይደለም። ሌሎች የጻፉትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ተቀብለው፣ መርምረውና አሰናድተው ለተጠቃሚው የሚያደርሱ የጥቅል አዘጋጆች ናቸው። «ጠቅላይ» ብዬ ልጠራቸው ከጅዬ ነበር፤ ሆኖም አማርኛችን ይህን ቃል ለሹማምንት ሰጥቶታል፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ሹመት የላቸውም።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የሆነው አንባቢዬ «ይህ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ይል ይሆናል። የሌላውን ሰው ሥራ በእጅ ይዞ ለሦስተኛ ሰው ማድረስ የሚያስከትለው ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ስለሆነ ነው። ተርጓሚ፣ አርታዒ ወይም ቁም ጸሐፊ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ምን ልንካ? ምን ልተው? የነካሁትንስ እንዴት ላሳውቅ?

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ልያዘው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1993 ኢያን መርዶክ የተባለ አሜሪካዊ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ደቢያን» የተሰኘ ሥራ መጀመሩን አስታወቀ። ስሙን ያወጣው የወዳጁን የዴብራንና የራሱን ስም አጋጥሞ ነው። ደቢያን በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ፣ የምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 የወጣው 13ኛው እትሙ ከ69 ሺህ በላይ ጥቅሎችን ይዟል። እጅግ የሚበዙትን ፕሮግራሞች የደቢያን ሰዎች አልጻፏቸውም። ደራሲዎቹ በየአገሩ የተበተኑ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ስም እንኳ ላያውቅ ይችላል። የደቢያን ሰዎች ድርሻ እነዚህን ሥራዎች መሰብሰብ፣ እርስ በርስ ማስማማትና ማድረስ ነው፤ ይህንንም በፈቃደኝነት ያከናውኑታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ማኅበር ነው።

ሥራው ከውጭ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። አንድ ደራሲ ፕሮግራሙን ሲለቅቅ በራሱ ኮምፒውተር ላይ እንደሚሠራ ያውቃል፤ በሌላው ላይ መሥራቱን ግን የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ፕሮግራም እንዲሠራ ሌሎች የትኞቹ ፕሮግራሞች ቀድመው መገኘት አለባቸው? ፋይሎቹ በየትኛው ስፍራ ይቀመጡ? አሮጌው እትም በአዲሱ ሲተካ የተጠቃሚው ምርጫና ሰነድ እንዳይጠፋ ምን ይደረግ? በአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራው በሌላው ላይ ይሠራልን? ደራሲው የሰጠው ፈቃድስ ማባዛትንና ማሻሻልን ያካትታልን? ጥቅል አዘጋጁ የእነዚህን ሁሉ መልስ በአንድ አቃፊ ውስጥ ያሰፍራል። የአሠራሩ ትእዛዝ በአንዱ ፋይል፣ የለውጡ ታሪክ በሌላው፣ የባለመብቶቹ ስምና ፈቃድ በሦስተኛው ይጻፋል። አዲስ ጥቅል ወደ ግምጃ ቤቱ ከመግባቱ በፊትም ሌሎች ሰዎች ፈቃዱንና ይዘቱን በዓይናቸው ይመረምራሉ።

እኔን ከሁሉ አብልጦ የማረከኝ ግን አንድ ልማድ ነው። በተለመደው አሠራር ከደራሲው የመጣው ኮድ እንደ መጣ ይቀመጣል። ጥቅል አዘጋጁ የለወጠው ነገር ካለ ደግሞ ለብቻው በሌላ ፋይል ይጻፋል፤ «ፓች» ይሉታል። ተጠቃሚው የሚያገኘው ሁለቱ ተዋሕደው የተሠራውን ፕሮግራም ነው፤ ሆኖም የፈለገ ሰው ሁለቱን ለያይቶ ማየት፣ የማንኛው መስመር ባለቤት ማን እንደሆነ ማወቅ ይችላል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የአንድምታ መምህራን ንባቡን በንባብነቱ ካስቀመጡ በኋላ ነው «አንድም» እያሉ ትርጓሜውን የሚያስከትሉት። መምህሩ የቱንም ያህል ሊቅ ቢሆን ሐተታውን ከንባቡ ጋር ደባልቆ «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» አይልም። በእኔ እምነት የሌላውን ሰው ሥራ የሚይዝ እጅ የሚመዘነው በዚህ ነው። መንካቱ አያስነውረውም፤ የሚያስነውረው ነክቶ አለመናገሩ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ የስም ጥያቄም አለ። ሞዚላ የተባለው ድርጅት ፋየርፎክስ የተሰኘውን የኢንተርኔት ማሰሻ ኮድ ለሁሉም ክፍት አድርጎታል፤ ስሙና ዓርማው ግን የንግድ ምልክቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ደቢያን የራሱን ለውጥ እየጨመረ በዚያው ስም ማሠራጨቱ ክርክር አስነሣ። ድርጅቱ በስሙ የሚወጣውን ለውጥ አስቀድሞ ማየትና ማጽደቅ ፈለገ። ደቢያኖች በዚህ አልተስማሙም፤ ስለዚህ ስሙን ትተው ፕሮግራሙን «አይስዊዝል» አሉት። በእሳት ፈንታ በረዶ፣ በቀበሮ ፈንታ ሌላ ትንሽ አውሬ መሆኑ ነው። እስከ 2016 ድረስም በዚሁ ስም ቆየ፤ ያን ጊዜ ተስማምተው የቀድሞው ስም ተመለሰ። ብዙዎች እንደ ቀልድ ያወሩታል። እኔ ግን የሁለቱም ወገን አቋም ክብር ያለው ይመስለኛል። ደራሲው «ያልጻፍሁትን በስሜ አታውጡብኝ» አለ፤ አዘጋጁም «የመለወጥ ነፃነቴን ከማጣ ስሙን እመልሳለሁ» አለ። በየመንደሩ የሰው ድርሰት እየቆራረጠ፣ ስሙን ግን እንዳለ ትቶ ለሚያሳትመው ሁሉ ይህ ትምህርት በሆነ ነበር።

ነገር ግን ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። የመካከለኛው እጅ የሚያበላሽበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የደቢያን ጥቅል አዘጋጅ ኦፕንኤስኤስኤል ከተባለው የምስጢር ቁልፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ውስጥ ጥቂት መስመሮችን ሰረዘ። ስሕተት የሚያስስ አንድ መሣሪያ በእነዚያ መስመሮች ላይ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ ነበርና ኮዱን ያጸዳ መስሎት ነው። ከመሰረዙ በፊትም የኦፕንኤስኤስኤልን ሰዎች ጠይቆ ነበር፤ ጥያቄውና መልሱ ግን በቅጡ አልተገናኙም። የተሰረዘው መስመር ቁልፎች እንዳይገመቱ የሚያደርገው የዕጣ ምንጭ ነበር። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ቁልፎች በየዓይነታቸው ከ32 ሺህ ገደማ ከማይበልጡ አማራጮች የሚወጡ ሆኑ፤ ይህን ያህሉን ኮምፒውተር በአጭር ጊዜ ሞክሮ ይጨርሰዋል። ጉድለቱ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በሜይ 2008 ነው። ፓቹ ያን ሁሉ ጊዜ በግልጽ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር፤ አስተውሎ ያነበበው ግን አልነበረም። መዝገብ ያለ አንባቢ ከንቱ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚያነሡ ሰዎች «መካከለኛው ይቅር» ይላሉ። ደራሲው ራሱ ሁሉን ነገር አሽጎ በቀጥታ ለተጠቃሚው ያድርስ ባዮች ናቸው። ፍላትፓክና ስናፕ የተባሉት የአሠራር ዘዴዎች ለዚህ መንገድ ከፍተዋል። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ደቢያን የተረጋጋውን እትሙን የሚያወጣው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ስለሆነ ደራሲዎች ከረሱት እትም ጋር የተያያዘ አቤቱታ ይጎርፍባቸዋል። ጄሚ ዛዊንስኪ የተባለው የኤክስስክሪንሴቨር ደራሲ በዚህ ተማርሮ፣ እትሙ ሲያረጅ ተጠቃሚውን የሚያስጠነቅቅ ቃል በፕሮግራሙ ውስጥ አኑሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2016ም ደቢያን ፕሮግራሙን ከነጭራሹ እንዲያወጣለት ጠይቋል። ሥራው አርጅቶ በስሙ ሲቀርብበት የተናደደን ደራሲ መውቀስ አልችልም።

ሆኖም ደራሲው ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሆን ያየነው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ኤክስዚ የተባለውን የፋይል ማመቂያ ለብዙ ዓመታት የተሸከመው በተግባር አንድ ፈቃደኛ ሰው ነበር። ማንነቱ ያልታወቀ ሌላ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ እየረዳው፣ አመኔታውን እያተረፈ ቀረበ፤ በመጨረሻም እትም የማውጣት ሥልጣን አገኘ። ከዚያም ወደ ሰርቨሮች በምስጢር የሚያስገባ የኋላ በር ሸሸገበት። ተንኰሉን የሚቀሰቅሰው ቁልፍ መስመር ሁሉም በሚያየው የኮድ ማኅደር ውስጥ አልነበረም፤ ተጠቅልሎ በሚወጣው እትም ውስጥ ብቻ ነበር። ማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ባለሙያ ነገሩን ለዓለም ገለጠው። ያስጠረጠረውም ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ያጋጠመው የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ መካከለኞቹ ንጹሓን ናቸው አልልም። በሩ የሚከፍተው ኦፕንኤስኤስኤች የተባለው ፕሮግራም በራሱ ኤክስዚን አይጠቀምም፤ በተዘዋዋሪ ያገናኛቸው ደቢያንን ጨምሮ አንዳንድ ሥርጭቶች የጨመሩት ፓች ነው። ይሁን እንጂ ያው የመካከለኞች ዝግታ ብዙዎችን አዳነ። በደቢያን ዘንድ አዲስ እትም መጀመሪያ ወደ መሞከሪያው ክፍል ይገባል፤ ሰዎች እየተጠቀሙ ይፈትኑታል፤ ከቆየ በኋላ ነው ለሰፊው ሕዝብ የሚደርሰው። መርዙ የተገኘው በዚያ የመሞከሪያ ክፍል ውስጥ ሳለ ነው፤ ወደ ተረጋጋው እትም አልደረሰም። ደራሲው በቀጥታ ለሁሉም ቢያደርስ ኖሮ ያ የመቆያ ጊዜ ባልኖረ ነበር።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው። በደራሲውና በተጠቃሚው መካከል ደራሲውን ያልሆነ አንድ አንባቢ ያስፈልጋል። ይህ አንባቢ ግን ትሑት ይሁን። በግድ ካልሆነ አይንካ፤ ሲነካ ምክንያቱን ይጻፍ፤ የጻፈውንም ለደራሲው መልሶ ይላክለት። ሌሎችም ይህን መዝገብ ያንብቡ። ከደቢያን የተነሣና ወደ ሌሎችም የተስፋፋ አንድ ጥረት ደግሞ ከአንድ ምንጭ ኮድ ማንም ሰው በየትም ቢያዘጋጅ ቁርጥ አንድ ዓይነት ውጤት እንዲወጣ ይደክማል። ያን ጊዜ ጥቅል አዘጋጁን በስሙ ብቻ ማመን አይጠበቅብንም፤ ሠርተን እናስተያያለን። ባለአደራ መታመን ብቻ ሳይሆን መመርመርም የሚችል ሲሆን ነው አደራው የሚጸናው።

ይህ ጉዳይ ከፊደላችን ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ልጥቀስና ላብቃ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፊደል አዘጋጅ የየራሱን የቁጥር አሰጣጥ ይከተል ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ድርሰት በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ዛሬ ደቢያንን የሚጠቀም ሰው አቢሲኒካ የተባለውን የግዕዝ ፊደል በአንድ ትእዛዝ ያገኛል። ፊደሉን የሠሩት ሌሎች፣ ያሰናዱለትም ሌሎች ናቸው። ይህ የሆነው ግን ፊደሉ ግልጽ ፈቃድ ስለተጻፈበት ነው።

በእኛ ዘንድ የሚጎድለው ይኸው ይመስለኛል። አንድ ሰው ዓመታት ደክሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ የፊደል መጻፊያ ወይም የቃላት ማረሚያ ይሠራል፤ «በነጻ ውሰዱ» ብሎም ይለቀዋል። የምንጭ ኮዱን አያያይዝም፤ ማባዛትና ማሻሻል የሚፈቅድ ቃልም አይጽፍም። ጥቅል አዘጋጅ ደግሞ የቃል ልግስናን መቀበል አይችልም። ደራሲው ሥራ ሲበዛበት፣ ሲታመም ወይም ሲያርፍ ያ ሁሉ ድካም አብሮት ይቀራል። ስለዚህ ለአማርኛ የሚደክሙ ባለሙያዎችን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ምንጩን አስቀምጡልን፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ አኑሩልን። ቋንቋውን የምናውቅ አንባቢዎች ደግሞ ከመካከለኞቹ ጎን እንቁም፤ ፊደሉ በትክክል መሣሉን፣ ትርጉሙ አማርኛ አማርኛ ማለቱን ከእኛ በቀር ማንም አይመሰክርለትምና።