«ላብራቶሪ የለንም» የምትለዋ ሰበብ

አዘዞ ተማሪ ሳለሁ የብርሃን ፖላራይዜሽንን የተማርኩት በጠመኔ ነው። ሰሌዳው ላይ ጥቂት ቀስት፣ ከሥሩ ትርጉም፣ ከዚያ ፈተና። «ለምን አናየውም?» ስንል መልሱ «ላብራቶሪ የለንም» ነበር። ያኔ አመንኩ። ዛሬ አላምንም።

ዓለም የት እንደደረሰ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጠፍጣፋ ሌንስ ይፋ አደረጉ። መስታወቱ ላይ ቁመታቸው 600 ናኖሜትር የሆነ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ክንፎች ተደርድረዋል። ክብ ፖላራይዜሽን ላለው ብርሃን፣ አንዱ ክንፍ 10 ዲግሪ ዞሮ ቢተከል የሞገዱ ፌዝ 20 ዲግሪ ይሸራተታል። (ሳይንሱ «ፌዝ» የሚለው ሞገዱ ምን ያህል እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ ነው እንጂ የእኛን ፌዝ አይደለም።) ክንፎቹን እንደየቦታቸው በማዞር ብቻ ብርሃኑ አንድ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። ጎባጣ መስታወት አላስፈለገም።

«ይኼ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ተሳስቷል። የፖላራይዜሽን ዓይነት ተቀያይሮ ወደ መነሻው ሲመለስ ሞገዱ ተጨማሪ ፌዝ ይዞ እንደሚመጣ ያሳየው ሺቫራማክሪሽናን ፓንቻራትናም ነው። እ.ኤ.አ. በ1956፣ ባንጋሎር ውስጥ፣ ክሪስታል እያጠና፣ በ22 ዓመቱ! ሕንድ ያኔ ነፃ ከወጣች 10 ዓመት ያልሞላት ድሃ አገር ነበረች።

የእኛም ልጅ አለ። አዲስ አበባ የተወለደው ሰሎሞን አሰፋ ብርሃንን በሲሊከን ቺፕ ውስጥ በሚመራው ናኖፎቶኒክስ ሥራው በ2011 የኤምአይቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው 35 ወጣት ፈጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ጭንቅላት አልጎደለንም። ያን ሥራ የሠራው ግን አሜሪካ፣ አይቢኤም ቤት ነው።

እሺ፣ ላብራቶሪው ይኸው፦ የተበላሸ ካልኩሌተር። ከቁጥር ማሳያው ፊት የተለጠፈውን ስስ ፕላስቲክ ላጡና ለሁለት ቁረጡት። አንዱን በሌላው ላይ ደርባችሁ አዙሩ፤ ይጨልማል። በመካከላቸው የተደራረበ ግልጽ ስኮች አስገቡ፤ ቀለም ይወጣል። ስኮቹ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ከሌላው ስለሚያዘገይ ነው። የሃርቫርዱ ክንፍም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

መምህሩን ብቻ አልወቅስም፤ በዚያ ደሞዝ ጠመኔ መያዙም ጀግንነት ነው። ላብራቶሪ ይሠራ፣ በጀት ይመደብ፤ ይህን መጠየቃችንን አናቆምም። እስኪመጣ ድረስ ግን ልጁን በቀስት ሥዕል ማሰናበት ምርጫ ነው፤ ድህነት አይደለም።

ካልኩሌተር በሞላበት ከተማ «ላብራቶሪ የለንም» ማለት፣ እሱ ነው የእኛ ፌዝ።