ሳንሰማ አንፍረድ

ባለፈው ሰሞን ዶርም ውስጥ አምስት ሆነን በአንድ ላፕቶፕ «ሚልክ» የተባለውን ፊልም ከፈትን። የሻሸመኔው ጓደኛችን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «እንዴ! ይሄን ነው የምታሳዩኝ?» ብሎ ወጣ። የባቱው ልጅ እስከ መጨረሻው አየና «ፊልሙ አሪፍ ነው፤ እኛን ግን አይመለከተንም» አለ። እኔ ደግሞ ጋዜጠኝነት ለምንማር ልጆች በደንብ ይመለከተናል ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ይህ ፊልም የእውነተኛ ሰው ታሪክ ነው። ሃርቪ ሚልክ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የካሜራ ሱቅ ነበረው። ግብረ ሰዶማዊ መሆኑን ሳይደብቅ ለምርጫ ተወዳደረ፤ ሦስት ጊዜ ተሸንፎ በ1977 የከተማው ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። ሥራ ከጀመረ ዓመት ሳይሞላው ከከንቲባው ጆርጅ ሞስኮኒ ጋር በአንድ ቀን በጥይት ተገደለ። እሱን ሆኖ የተወነው ሾን ፔን ኦስካር አግኝቶበታል።

ልቤን የነካው ግን ሞቱ አይደለም። በ1978 እንደ እሱ ያሉ መምህራን ከካሊፎርኒያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲባረሩ የሚጠይቅ ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ሚልክ ደጋፊዎቹ ማንነታቸውን ለቤተሰብና ለጎረቤት እንዲናገሩ ወተወተ። ሕዝቡም ሐሳቡን ጣለው። ሰው በሚያውቀው ሰው ላይ በወሬ ብቻ መፍረድ ይከብደዋል።

እኛ አገር ነገሩ ሌላ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን በእስራት ይቀጣል፤ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ያወግዛል። እዚህ «ውጡና ተናገሩ» ማለት እሳት ውስጥ ግቡ ማለት ነው፤ እኔም አልልም። የኔ ጥያቄ ለእኛ ለጸሐፊዎቹ ነው። «ግብረ ሰዶም» የሚለው ቃል ራሱ ከሰዶም ከተማ የመጣ ነው። ገና ቃሉን ስንጽፍ ፈርደናል ማለት ነው። ይኸው እኔም ከላይ ተጠቀምኩበት!

የራሳችንን «ድፍረት» አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ፊልም፣ ጠላፊዋን ገድላ ለተከሰሰች የ14 ዓመት ልጅ ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ እንዴት እንደቆመችላት ያሳያል። እውነተኛው ታሪክ የተፈጸመው እዚሁ ጎረቤታችን አርሲ ነው። ያኔ የነበረው ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። «ባህል ነው» ተብሎ የተዘጋ ጉዳይ ነበር። የልጅቷ ቃል ከተሰማ በኋላ ግን አገር ተነጋገረበት፤ ያው የ1996ቱ ሕግም ቀዳዳውን ደፈነው። ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ናቸው አላልኩም። ያለቀለት የሚመስል ነገርም ባለቤቱ ሲሰማ ሌላ መልክ እንደሚይዝ ለማሳየት ነው።

ጋዜጠኛ ዳኛ አይደለም። ስለ አንድ ሰው ስንጽፍ ብንስማማም ባንስማማም መጀመሪያ እንስማው፤ ስሙን መግለጥ አደጋ ካለው ደግሞ ስሙን እንጠብቅለት።

የሻሸመኔው ጓደኛዬ ይህን ሲያነብ እንደሚቆጣ አውቃለሁ። ይቆጣ! መልሱን ግን በዚሁ ቡሌቲን ይጻፍልን፤ እኛም እንሰማዋለን።